ኮካኒ ፍለጋ ወደ ብሉ ሜሳ፦ ሁለት ሆነው ለሚወጡ ዝርዝር መመሪያ

በሰመር ከዴንቨርና ከኦሮራ ተነስተው ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው የብሉ ሜሳ ሐይቅ ከሚሄዱት ባልና ሚስቶች ብዙዎቹ ኮካኒ የሚባለውን ዓሣ ሳይዙ ይመለሳሉ። ሐይቁ ውስጥ ዓሣ ጠፍቶ አይደለም። መንጋው የዓሣ መፈለጊያው ስክሪን ላይ እየታየ ነው በረዶ ሳጥኑ ባዶ የሚገባው። ወይ ጀልባው ይፈጥናል፣ ወይ ማታለያው ዓሣው ካለበት ጥልቀት አይደርስም፣ ወይ የተያዘው ዓሣ ጀልባው አጠገብ ሲደርስ አፉ ተቀዶ ያመልጣል። የማታለያ ቀለም መቀያየር ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም፤ ሰው ግን ገንዘቡን የሚያፈሰው ቀለም ላይ ነው።

መመሪያው ለሁለት ሰው፣ ለአንድ ትንሽ ባለሞተር ጀልባና ለሁለት ዘንግ ነው። አሠራሩ ለግራንቢ፣ ለፍሌሚንግ ጎርጅና ለስትሮውበሪ ሐይቆችም ያገለግላል። ሕጉ ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል።

መጀመሪያ ዓሣውን እወቁት

ኮካኒ ወደ ባሕር ሳይወርድ ዕድሜውን በሐይቅ የሚጨርስ የሶካይ ሳልመን ነው። ትንንሽ ዓሣ አያሳድድም፤ ዋና ምግቡ በውሃው መሀል የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። ስለዚህ ዳር ላይ ቆሞ ትል መወርወር ለትራውት እንጂ ለእሱ አይሆንም። የሚወደው ውሃ ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ፋረንሃይት ነው። ላዩ ሲሞቅ ያንን ቅዝቃዜ ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። በመንጋ ስለሚሄድ አንዱ የተያዘበት ቦታ ሌሎችም አሉ። አፉ ደግሞ ስስ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ትእዛዝ ግማሹ የመጣው ከዚህ አፍ የተነሳ ነው።

ደረጃ 1፦ ቀን መምረጥ

ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት አጋማሽ ያለውን ጊዜ ምረጡ። ከዚያ በኋላ ዓሣው እንቁላል ለመጣል መዘጋጀት ይጀምራል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ሥጋው ይገረጣል፣ ጣዕሙም ይወርዳል።

የምትጾሙ ከሆነ ካሌንደሩን ቀድማችሁ ተመልከቱ። የሐዋርያት ጾም ጁላይ 12 ይፈታል፤ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። በመካከል ያሉት ሳምንታት ኮካኒ በደንብ የሚያዝባቸው ናቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት፤ ጀልባ ላይ አትጀምሩት።

ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት ጋኒሰን ከተማ ወይም ሐይቁ ዳር ካሉት ካምፖች በአንዱ እደሩ። ከዴንቨር በሌሊት ተነስቶ በሰዓቱ ውሃ ላይ መድረስ አይታሰብም። መንገዱ 11,312 ጫማ ከፍታ ባለው ሞናርክ ፓስ ያልፋል። ጀልባ እየጎተታችሁ ከሆነ ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ላይ ተደግፋችሁ አትውረዱ።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

ለእያንዳንዳችሁ የኮሎራዶ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሁለት አያገለግልም። ያለ ተጨማሪ ቴምብር አንድ ሰው አንድ ዘንግ ብቻ ነው የሚይዘው። ለሁለት ጀማሪ ሁለት ዘንግ ስለሚበቃ የሁለተኛ ዘንግ ቴምብሩን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ጀልባው የራሳችሁ ከሆነ ምዝገባውንና የወራሪ ውሃ ነፍሳት ቴምብሩን ያዙ። ከመግባታችሁ በፊት በተቆጣጣሪ ይፈተሻል። በውስጡ የቀረ ውሃ ወይም አረም ከተገኘ ሰዓታችሁ እዚያው ያልቃል፤ ከቤት ስትነሱ ደርቆ፣ የማፍሰሻ ቡሹ ወጥቶ ይሁን። በቀን ስንት ኮካኒ መያዝ እንደሚፈቀድ የዘመኑን የደንብ መጽሐፍ አንብቡ። ቁጥሩ ስለሚቀያየር ጓደኛ የነገራችሁን አትመኑ።

ደረጃ 3፦ እቃ

* ዘንግ፦ ከ7 ጫማ ተኩል እስከ 8 ጫማ የሚሆን፣ እስከ መሀሉ የሚጎብጥ ለስላሳ ዘንግ። ለካትፊሽ የገዛችሁት ደረቅ ዘንግ የኮካኒን አፍ ይቀድዳል።
* ክር፦ 8 ወይም 10 ፓውንድ የሚችል ተራ ናይለን። የተጎነጎነው ክር ስለማይለጠጥ ለጀማሪ አይመከርም።
* ዳውንሪገር፦ የእርሳስ ኳስ በሽቦ ወደ ታች የሚያወርድ መሣሪያ። የዘንጉ ክር ኳሱ አጠገብ ባለ መቆንጠጫ ይያዛል። ለዚህ ሥራ ከ6 እስከ 10 ፓውንድ የሚመዝን ኳስ ይበቃል። በእጅ የሚዞርና ጀልባው ጠርዝ ላይ የሚታሰር ርካሽ ዓይነት አለ።
* ዶጀር፦ ከ4 እስከ 6 ኢንች የሚሆን፣ ውሃ ውስጥ የሚወዛወዝ አብረቅራቂ ብረት። አንድ ብርማ፣ አንድ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ያዙ።
* ማታለያ፦ ትንንሽ የፕላስቲክ ስኩዊድና አንድ ሁለት ስፒነር። ሮዝ፣ ብርቱካናማና ቢጫ አረንጓዴ ከያዛችሁ በቂ ነው።
* ሌላ፦ ፊሽ ፋይንደር (ዓሣ መፈለጊያ ስክሪን)፣ ረጅም እጀታ ያለው የጎማ መረብ፣ ባልዲ፣ በረዶ የሞላ ሳጥን፣ ሹል ቢላ፣ ፒንሳ።

ከዶጀሩ እስከ ማታለያው ያለችው አጭር ክር ርዝመት ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ናት። ስኩዊዱ በራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚያንቀጠቅጠው ዶጀሩ ነው። ክሯ ከረዘመች እንቅስቃሴው መንገድ ላይ ይሞታል። ለ5 ኢንች ዶጀር ከ9 እስከ 12 ኢንች አድርጓት። ስፒነር በራሱ ስለሚሽከረከር እስከ 18 ኢንች ይችላል። ለዚህች ቁራጭ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ የሚችል ጠንከር ያለ ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር ተጠቀሙ።

ዳውንሪገር ከሌላችሁ በውስጡ እርሳስ ያለውና በየ10 ያርዱ ቀለሙ የሚለወጥ ክር ግዙ። በዝግታ ሲጎተት አንዱ ቀለም 5 ጫማ ያህል ያወርዳል። እስከ 30 ጫማ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን መጠቅለሉ ራሱ ሥራ ይሆናል።

ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት፤ ወንበር ሥር አታስቀምጡት። የሐይቁ ከፍታ ሲሞላ 7,519 ጫማ ነው፤ በጁላይ ፀሐዩ እያቃጠለ ውሃው ግን ይቀዘቅዛል። በድንገት የወደቀ ሰው ዋና ቢችልም ትንፋሹ ይቆራረጣል። ለምግብ ቆሎና ጭኮ ያዙ፤ በአንድ እጅ የሚበላ ነገር ነው የሚያስፈልገው።

ደረጃ 4፦ የዋዜማ ሥራ፣ በቆሎው

ኮካኒ በቆሎ አያውቅም፤ ግን መንጠቆው ላይ ካላየው ወይም ካልሸተተው ብዙ ጊዜ ዞር ብሎ ይሄዳል። በሱፐርማርኬት በቆርቆሮ የሚሸጠውን ነጭ፣ ፍሬው ቀጭንና ረዘም ያለ ሹፔግ በቆሎ ግዙ።

1. ውሃውን አጥልሉ።
2. በትንንሽ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች ለሁለት ክፈሉት።
3. በአንዱ የቱና ዘይት፣ በሌላው የነጭ ሽንኩርት ወይም የአኒስ ሽታ ጨምሩ። በሁለቱም ትንሽ ጨው ነስንሱ።
4. በፍሪጅ አሳድሩት።

መንጠቆው ላይ አንድ ፍሬ ብቻ አድርጉ። የመንጠቆውን ጫፍ በወፍራሙ ጎን ቆዳ አስገብታችሁ በሌላው አውጡት፤ ጫፉ በግልጽ ይታይ። ሁለት ሦስት ፍሬ የደረደረ ሰው የስኩዊዱን ንቅናቄ ነው ያሰረው። ፍሬውን በየግማሽ ሰዓቱ ቀይሩ። የተረፈውን ውሃ ላይ አትበትኑ። ቤንዚን ወይም የፀሐይ ቅባት በነካ እጅ ማታለያ አትንኩ።

ደረጃ 5፦ ሥራ መከፋፈል

ይህን ውሃ ላይ ሳይሆን ማታውኑ ጨርሱ። አንዱ መሪውንና ፍጥነቱን ይይዛል፤ ሌላው ዘንጎቹንና ዳውንሪገሩን። ወንዱ ይንዳ የሚል ሕግ የለም። እንዲያውም ዝግታን የሚታገሥ ሰው ነው መንዳት ያለበት። መሪ የያዘው ስለ ዘንግ አስተያየት አይሰጥም፤ ዘንግ የያዘውም ስለ አነዳድ። በየሰዓቱ ተለዋወጡ።

የምትጠቀሙባቸውን ቃላት አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ «ግራ!» ወይም «ቀኝ!» ማለት የዚያ ጎን ዘንግ ተነክሷል፤ «ዝግ!» ማለት ፍጥነት ቀንስ፣ ግን አታቁም፤ «መረብ!» ማለት መሪውን አስተካክለህ መረቡን አንሳ። «እንደዚያ አይደለም» የሚባል ትእዛዝ የለም።

ደረጃ 6፦ ውሃ ላይ መውጣት

ጎህ ሳይቀድ ራምፑ (ጀልባ ማውረጃው) ላይ ድረሱ። ብሉ ሜሳ ላይ ከሰዓት በኋላ ንፋስ የተለመደ ነው፤ በጁላይና በኦገስት መብረቅም ይመጣል። ዕቅዳችሁ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ይሁን። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ክር ጠቅልላችሁ ውጡ፤ «አንድ ዙር ብቻ» አይባልም።

ጀልባውን ከማውረዳችሁ በፊት የማፍሰሻውን ቡሽ መልሱ። ይህን የሚረሳ ሰው በየሰመሩ አይጠፋም።

ሐይቁ አዮላ፣ ሲቦላና ሳፒኔሮ የሚባሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ከጋኒሰን በኩል መጀመሪያ የሚገኘው አዮላ ጥልቀቱ ያነሰ ነው፤ ሰመሩ እየሞቀ ሲሄድ ወደ ሲቦላና ወደ ሳፒኔሮ ሂዱ።

ደረጃ 7፦ ፍጥነት

በሰዓት 1.3 ማይል ጀምሩ። የሚሠራው ክልል በግምት ከ1 እስከ 1.8 ማይል ነው። የጀልባውን የፍጥነት ሰሌዳ አትመኑ፤ በዚህ ዝግታ ልክ አይደለም። በጂፒኤስ ለኩ፤ የስልክ አፕም ይበቃል።

የተከራያችሁት ፖንቱን (ጠፍጣፋ ጀልባ) ጋዝ ሳትነኩ እንኳ ከ2 ማይል በላይ ሊሄድ ይችላል። ከኋላ የሚጎተት የውሃ ጃንጥላ ወይም በሁለቱም ጎን በገመድ የታሰሩ ባልዲዎች ያዘገዩታል። ገመዱ ወደ ሞተሩ እንዳይደርስ አሳጥሩት።

ደረጃ 8፦ ጥልቀት ማግኘት

ክር ሳታወርዱ ሐይቁን በፊሽ ፋይንደር ቃኙ። ከታች ወለሉ ላይ የተኛውን አትከተሉ፤ እሱ ሌላ ዓሣ ሊሆን ይችላል። እናንተ የምትፈልጉት በውሃው መሀል ተሰብስቦ የተንጠለጠለውን መንጋ ነው። በጁን መጨረሻ ከ20 እስከ 40 ጫማ፣ በጁላይ ከ30 እስከ 60፣ በኦገስት ከዚያም በታች ፈልጉ። ጎህ ሲቀድ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ብርሃኑ ሲጨምር ይወርዳል። ጠዋት በ25 ጫማ ይነክስ የነበረ ዓሣ ሲያቆም ጠፋ አትበሉ፤ ተከትላችሁት ውረዱ።

ማታለያውን ከመንጋው ትንሽ ከፍ አድርጉ። ከሥሩ ያለፈውን አያየውም።

ደረጃ 9፦ ክር ማውረድ

ሁለቱን ዘንግ በአንድ ጊዜ አታውርዱ። የመጀመሪያው ጨርሶ ቦታው ከገባ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚነካው።

1. ጀልባው ቀጥ ብሎ በ1.3 ማይል ይሂድ።
2. ዶጀሩን ጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ እዩት። እንደ እስክስታ ትከሻ ወዲያ ወዲህ ይምታ። ከተገለበጠና ከተሽከረከረ ፍጥነቱ በዝቷል፤ ዝም ብሎ ከተጎተተ አንሷል። ይህን ሳታዩ ወደ ታች የሚላክ ክር የለም።
3. ክሩን ወደ ኋላ ልቀቁ። ኳሱ 20 ጫማ ብቻ የሚወርድ ከሆነ 80 ጫማ ያህል፤ 50 ጫማና ከዚያ በላይ የሚወርድ ከሆነ ከ20 እስከ 40 ጫማ ይበቃል።
4. ክሩን በመቆንጠጫው አስይዙ። በትንሽ ጉተታ እንዲለቅ ጫፉ ላይ ብቻ ይያዝ። ጥርሱ ውስጥ ዘልቆ ከገባ ትንሽ ዓሣ ነክሶም አይለቅም፤ ሳታውቁት ሲጎተት ይሞታል።
5. ሪሉን (የክር መጠቅለያውን) ክፈቱ፤ ክሩ እንዳይመሰቃቀል በአውራ ጣት ቀለል አድርጋችሁ ያዙት።
6. ኳሱን በዝግታ አውርዱ። በፍጥነት የወረደ ኳስ ማታለያውን ከሽቦው ጋር ያጠላልፋል።
7. ጥልቀቱ ላይ ሲደርስ ሪሉን ዝጉና ዘንጉ እንደ ቅስት እስኪጎብጥ ጠቅልሉ።
8. ድራጉን (ሪሉ ላይ ያለውን የክር ማጥበቂያ) አላሉ፤ ክሩን በእጅ ስትስቡት ያለ ችግር መውጣት አለበት።

ሁለተኛውን ዘንግ በ10 ጫማ ልዩነትና በሌላ ቀለም አውርዱ። አንዱ ሁለቴ ከያዘ ሌላውንም ወደዚያ ጥልቀት አምጡት።

ደረጃ 10፦ አነዳድ

ቀጥ ብላችሁ አትንዱ፤ ሰፋ ባለ ኤስ ቅርጽ ሂዱ። ስትታጠፉ በውስጥ በኩል ያለው ማታለያ ይዘገያል፣ በውጭ በኩል ያለው ይፈጥናል። የውጭው ከተነከሰ ፍጥነት በ0.2 ማይል ጨምሩ፤ የውስጡ ከተነከሰ ቀንሱ። ዓሣው የሚፈልገውን ፍጥነት ከዚህ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም። ጠባብ መታጠፊያ ግን ሁለቱን ክር ያጠላልፋል።

ዓሣ የተያዘበትን ቦታ ጂፒኤሱ ላይ ምልክት አድርጉና በመጣችሁበት አቅጣጫ ድገሙት። ንፋሱ ከኋላ ሲሆንና ከፊት ሲሆን ፍጥነቱ ስለሚለያይ በየዙሩ ተመልከቱ።

ደረጃ 11፦ ሲነክስ

የዘንጉ ጫፍ ቶሎ ቶሎ ይንቀጠቀጣል፤ ወይም ክሩ ከመቆንጠጫው ወጥቶ ዘንጉ ቀጥ ይላል።

1. ዘንጉን ከመያዣው አንሱ። ወደ ኋላ አትመንጭቁት። ክሩ ካልለቀቀ ቀልጠፍ ብላችሁ ጠቅልሉና ከፍ በማድረግ አስለቅቁት።
2. ክሩ እስኪወጠር ጠቅልሉ። ከዚያ በኋላ ሳታቋርጡ በአንድ ልክ ጠቅልሉ። ዘንጉን ከፍ ዝቅ ማድረግ ክሩን ያላላል፤ መንጠቆው የሚወጣው ያኔ ነው።
3. ነጂው ሞተሩን አያጥፋ። ጀልባው ከቆመ ሁለተኛው ክር ይሰምጣል፣ የተያዘውም ይላላል።
4. ዓሣው ጀልባውን ሲያይ ይሽከረከራል፣ ይዘላል። ጉልበት አትጨምሩ፤ ድራጉ ክር ይልቀቅለት። የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉ።
5. መረቡን ቀድማችሁ ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ ያዙ። ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ ምሩት። ዓሣውን በመረብ ማሳደድ፣ ወይም በክሩ አንጠልጥሎ ወደ ጀልባ ማንሳት፣ ለሐይቁ መልሶ መስጠት ነው።

ችግር ሲያጋጥም

መንጋው ይታያል፣ አይነክስም። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ ፍጥነት፣ ከዚያ ጥልቀት፣ ከዚያ አዲስ በቆሎና ሌላ ሽታ፣ ከዚያ የአጭሯ ክር ርዝመት። ቀለም የመጨረሻው ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የሠራው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ይነክሳል፣ ያመልጣል። ድራጉ ጠብቋል፣ ወይም መንጠቆው ደንዝዟል። ጫፉን በጥፍራችሁ ላይ ጎትቱት፤ ከተንሸራተተ ቀይሩት። አሁንም ካመለጠ አጭሯን ክር በሁለት ኢንች አሳጥሯት።

ሁለቱ ክሮች ተጠላለፉ። ሁለቱንም አውጡ። ውሃ ላይ ለመፍታት ከመታገል አጭሯን ቆርጦ ቤት የታሰረ ትርፍ መቀጠል ይሻላል። ለዚህ ሲባል ስድስት ሰባት አስራችሁ ሂዱ።

ኳሱ ወለሉን ያዘ። ወዲያው ፍጥነት ቀንሱ፤ ዞራችሁ በመጣችሁበት በኩል ሳቡት። ሽቦውን በእጃችሁ አትያዙ፤ ይቆርጣል።

ሞተሩ ደከመ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ኃይል ይቀንሳል። ብልሽት አይደለም፤ ነገር ግን ንፋስ ሲነሳ ለመመለስ የሚፈጀውን ጊዜ አስቡበት።

ደረጃ 12፦ ከተያዘ በኋላ

መጀመሪያ ኮካኒ መሆኑን አረጋግጡ፦ ጎኑ ብርማ፣ ጅራቱ በጥልቀት የተከፈለ፣ ጀርባውና ጅራቱ ላይ የጎላ ጥቁር ነጥብ የሌለው። ነጠብጣብ የበዛበት ትራውት ነው፤ ደንቡም ሌላ ነው።

ከጥልቅ ውሃ ወጥቶ በሞቃት ውሃ የተለቀቀ ኮካኒ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ትልቁን እየመረጡ ትንሹን መልቀቅ እዚህ አይሠራም። የተፈቀደላችሁ ቁጥር ሲሞላ ክራችሁን ሰብስቡ።

ለመብል የያዛችሁትን ወዲያው ጭንቅላቱን መትታችሁ ግደሉት። ጉሮሮው ሥር ያለውን ስንጥብ ቁረጡና ባልዲ ውሃ ውስጥ ደሙን ለጥቂት ደቂቃ አፍስሱት፤ ከዚያ በረዶና ውሃ ወደተቀላቀለበት ሳጥን አስገቡት። ሥጋው ቅባት ያለው ስለሆነ በሙቀት ቶሎ ይልማል። ሆድ ዕቃውን በዚያው ቀን አውጡ፤ በአከርካሪው ሥር ያለውን ጥቁር ደም በአውራ ጣት ጥፍር ፍቃችሁ አጽዱ። ይህ ከቀረ ነው ጉላሹ የሚሸተው። የወጣውን ሆድ ዕቃ ዳር ላይ አትጣሉ፤ ማጽጃ ቦታ ተጠቀሙ።

ስትጠብሱት ቆዳውን አትግፈፉ፤ ሥጋውን የሚይዘው እሱ ነው። ጉላሽ ከሆነ ቁሌቱ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ፣ እሳቱ ሊወርድ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ጨምሩት።

ደረጃ 13፦ መውጣት

ጀልባውን ከራምፑ ካወጣችሁ በኋላ ቡሹን አውጥታችሁ ውሃውን አፍስሱ። አረሙን ከትሬይለሩና ከኳሱ ሽቦ ላይ ልቀሙ፤ ባልዲውንና መረቡን አድርቁ። መውጫው ላይ ተቆጣጣሪው ፈትሾ ማኅተም ያስርላችኋል፤ ደረሰኝም ይሰጣችኋል። ማኅተሙን ቤት ደርሳችሁ አትቁረጡት። በሚቀጥለው ሐይቅ ላይ የሚቆርጠው ተቆጣጣሪው ራሱ ነው፤ ደረሰኙንም አብሮ ይጠይቃችኋል።